በፊደል የተላከው እግር

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰነበተ፤ አፍሮ ይቅርታ የጠየቀ ግን አላየሁም! የእማማ ሥራነሽ የቆሰለ እግር ይድናል ወይስ ይቆረጣል? ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም የቁስሉን ፎቶ ሳላይ አልናገርም አለ። የሚሠራው ደግሞ የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት ብቻ ነው፤ መልእክቱም ፊደል እንጂ ፎቶ አይሸከምም።

ዲማ ጤና ጣቢያ እማማን የምታክመው ነርስ ሩሃማ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ በራሷ ተምራለች። ቁስሉን ፎቶ አንስታ፣ ፎቶውን አሳንሳ ወደ ተደረደሩ ፊደላትና ቁጥሮች ቀየረችና በአጭር መልእክት ቆራርጣ መላክ ጀመረች።

እማማ ሥራነሽ የተደረደሩትን ፊደላት ስልኳ ላይ አዩ።

«ክታብ ነው? በይ አንገቴ ላይ እሰሪልኝ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ እግር ነው! ቆራርጬ እየላክሁት ነው።»

«ጉድ! ሐኪሙ ሳይቆርጠው አንቺ ቀደምሽው?»

ሐኪሙ እሷ በነገረችው መንገድ ፊደላቱን ቀጣጥሎ ወደ ፎቶ መለሳቸውና ደወለ፦ «ይድናል! የቁስሉን መርፌ ዛሬውኑ ጀምሪላቸው።»

እማማ ሥራነሽ ወዲያው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።