ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ አግዳሚ

ሥራ በጀመርሁበት ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ መውረድ አቃተኝ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አዋሽ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር፤ ሥራው መጽሐፍ ማውረድ፣ ማኅተም መምታት፣ መልሶ መደርደር ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ያወረደኝ ሊያነብ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ እግሬን ይዞ "ወደ ታች አትይ፣ ልጄ" እያለ። አሁን እኔም በእሱ ዕድሜ ነኝ፤ ከመሰላል ጋር ግን ገና አልታረቅንም።

ጡረታዬ ሲቃረብ ኃላፊያችን ወይዘሮ ዘነበች ትክል ድንጋይ ወደምትባል የገጠር ከተማ ላኩኝ። እዚያ የሕፃናት ንባብ ክፍል ተከፍቷል፤ ልጆችና እናቶች ይመጣሉ፣ አባቶች የሉም። የእኔ ሥራ አባቶች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲያነቡ ማግባባት ነበር። ካልመጡ መጻሕፍቱ ተጭነው ይመለሳሉ፣ ክፍሉም የእህል መጋዘን ይሆናል ተባልሁ። ምነው እኔን መረጡ ብላቸው፣ የገጠር ሰው ጨዋታ ስለሚወድ ነው አሉኝ። ሥራ እንደማልወድ በትሕትና መናገራቸው ነው።

እኔም ሥዕል አሳልሁ፤ አንድ ገበሬ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያነብ። ከበሩ በላይ ሰቀልሁት። በገበያ ቀን ወንዶቹ ቆመው አዩት፤ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ሳቁ። ከመካከላቸው ደሴ የሚባል፣ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ጎልማሳ፣ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ።

"አያ ጓዴ፣ ይኸ ሰውዬ አባት የለውም እንዴ?"

ከሥዕሉ ሥር፣ ከበሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ፣ የደሴ አባት አያ ተገኘ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ አዙረው ተቀምጠዋል። በአገሩ ደንብ ወንድ በአባቱ ፊት ልጁን አያቅፍም፤ ነውር ነው። እኔ ራሴ አባቴ እስኪሞት ድረስ ልጄን ያቀፍሁት ጓሮ ተደብቄ ነው። ከተማ ሲገባ ሰው የሚረሳው ብዙ ነው።

የደንቡን ቀዳዳ ያሳየኝ የደሴ ጎረቤት ማስረሻ ነው። የደሴ ትንሹ ልጅ አዲሱ የክርስትና ልጁ ነው፤ የክርስትና ልጅን ማቀፍ ደግሞ የሚነቅፈው የለም። አንድ ቀን ገብቶ አዲሱን ጉልበቱ ላይ ሲያስቀምጠው መጽሐፍ እጁ ላይ አኖርሁ። የጅብና የአህያ ተረት ነው። ማስረሻ እየተደነቃቀፈ ያነባል፤ ደሴ በር ላይ ቆሞ ያርማል። ሌሎችም በዚሁ ሰበብ ገቡ፤ ሁሉም የሌላውን ልጅ አቅፎ። ደሴ ብቻ የክርስትና ልጅ ስላልነበረው በር ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ዘነበች ሊወስኑ የመጡት በአጨዳ ወቅት ነው። ወንዱ ሁሉ ማሳ ላይ ውሏል። ደሴ ብቻ ጣቱን ማጭድ ቆርጦት ከአባቱ አግዳሚ ጎን ቆሟል።

"አባቶቹስ?" አሉ።

"አጨዳ ላይ ናቸው።"

"አቶ ጓዴ፣ ባለፈውም ዘር ላይ ናቸው ብለውኝ ነበር" አሉና ሾፌሩን ካርቶን እንዲያወርድ አዘዙት።

አዲሱ የጅቡን መጽሐፍ ይዞ የክርስትና አባቱን ፈለገ። ሲያጣው ወደ በሩ ሄደና መጽሐፉን የአባቱ ጉልበት ላይ ለጠፈው። ደሴ አባቱን አየ። እጁን አልዘረጋም። ልጁም አልተመለሰም።

አያ ተገኘ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ይኸ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ" አሉና አግዳሚውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ተቀመጡ። ፀሐይዋ የነበረችው በመንገዱ በኩል ነው።

ደሴ ገባ። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ለነፍስ አባቱ እንደሚናዘዝ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ጥቂት ገጽ እንደሄደ ከውጭ ድምፅ መጣ።

"ጮክ በል እንጂ። ጅቡ ምን አለ? ከዚህ አይሰማም።"

ወይዘሮ ዘነበች ካርቶኖቹን ባዶአቸውን ወደ መኪናው አስመለሱ።

ሥዕሉን በማግሥቱ አወረድሁት። አወረድሁት ስል፣ ደሴ አወረደው፤ እኔ መሰላሉን ያዝሁ። አግዳሚው ግን እንደ ዞረ ቀረ።

አባት ለልጁ እንዲያነብ የሚፈልግ ሰው፣ መጀመሪያ አያቱ ወዴት ዞረው እንደሚቀመጡ ይይ።