የኢርሜሊ ጥርስ

የአውቶቡሱ መስተዋት ንጹሕ ነበር፤ ሾፌሩ ግን ወረደና ይወለውለው ጀመር። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነው። ኋላ ነው የገባኝ። ኢርሜሊ በረዶው ላይ አሥር እርምጃ ሄዳ እየቆመች፣ እየተነፈሰች ትመጣለች፤ ለካ እየጠበቀኝ ነው ብላ እንዳትሳቀቅ ኖሯል የሚወለውለው። እግዚአብሔር ይስጠው አልኩ በልቤ።

ኢርሜሊ ጎረቤቴ ናት። እዚህ ፊንላንድ፣ ኦውሉ ከተማ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሸጣለች። የሳንባዋ የደም ሥሮች ጠበው፣ ደሙን ወደዚያ የሚገፋው የልቧ ቀኝ ጎን ደክሟል። ብርድ እንዳያገኘው ካፖርቷ ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ታጥቃለች። የጠበቡትን ሥሮች የሚያሰፋ መድኃኒት በቀጭን ቱቦ፣ በደረቷ በኩል ወደ ደም ሥሯ ያንጠባጥባል፤ መቆም የለበትም፣ ከቆመ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው።

አጠገቤ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ይሄ ሾፌር ሕክምና አልተማረም። ግን አየኝ» አለች። ከቦርሳዋ ደብዳቤ አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። ሠራተኛ ነክሳለች ብሎ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የጻፈላት ማስጠንቀቂያ ነው።

«ነክሰሻል?»

«አውራ ጣቱን።»

ባለፈው ወር ደረጃ ላይ ወድቃ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እግሯ አብጦ ነበር የወሰዷት። የደም ግፊቷ ወርዷል። ወጣቱ ሐኪም ግሉኮስ ይሰቀልላት አለ። ሌላውን ሰው ይረዳ ይሆናል፤ የእሷን የተወጠረ ልብ ግን ውኃው ይብስ ይወጥረዋል። ይህን ታውቃለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ፣ ችግር የለም አልኩታ።» ፊቷ ቀላ። «እኛ ፊንላንዶች እንዲህ ነን። ቤታችን ሲቃጠልም ችግር የለም ነው የምንለው። ሁለተኛውን የግሉኮስ ከረጢት ሲሰቅሉም ዝም። በሽታዬ የተጻፈበት ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ማን ከፍቶት። በኋላ ነርሱ በዚሁ ቱቦ ሌላ መድኃኒት ልስጥ ብሎ ፓምፑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ድምፅ አልነበረኝም። ጥርስ ነበረኝ።»

በነርሱ ጩኸት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐኪም መጡ። ፓምፑን ሲያዩ ግሉኮሱን አስቆሙ፣ የሳንባ ሐኪሞች ዘንድ ደወሉ። ኦክስጅን፣ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት፣ ኋላም ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ ሰጧት። ተረፈች፤ ተመስገን።

«ይቅርታ ጠይቂ ይሉኛል» አለች። «ለጣቱ እጠይቃለሁ። ለሁለቱ ከረጢትስ እኔን ማን ይቅርታ ይጠይቀኛል?»

ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩላት። መውረጃችን ሲደርስ ክንዴን ያዘች።

«ለሚቀጥለው የመንከስም አቅም አይኖረኝ ይሆናል። ስልክ ቁጥርሽን ፓምፑ ላይ ልለጥፈው? አንቺ ጸሎተኛ፣ ዝምተኛ ነሽ፣ አውቃለሁ። ግን ሊዘጉት ሲመጡ፣ ትጮሂልኛለሽ?»