ሳሎን ውስጥ የቆመው ውሃ ማለስለሻ

ዛሬም የሰው ቤት ተቀምጬ ቧንቧ ሲያጉረመርም ስሰማ፣ ጉለሌ የነበረው ሳሎናችን ከነወንበሩ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

በደርግ ጊዜ አባቴ ሰፈራችን አጠገብ ባለ ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ሠራተኛ ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የቤቱን ትንሽ ውሃ ማለስለሻ ማሽን ለአባቴ ሰጠው፤ አባቴም በዚያ ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ጠብቆ፣ በሸራ ጠቅልሎ አሸክሞ አመጣው።

«ጨው ትሰጭዋለሽ፣ እሱ ውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ ይለቅምልሻል» አላት ለእናቴ።

«ከቀበሌ ተሰልፌ የማመጣውን ጨው?» አለች እናቴ።

አባቴ የማሽኑን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ያነብልን ነበር። ወለሉ ደልዳላ ይሁን፣ የቆሸሸው ውሃ መውጫ ይኑረው፣ አንድ ሽቦ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ሶኬቱም ከመብራት ማጥፊያ ጋር የተያያዘ አይሁን ይላል። የእኛ ወለል ያዘነበለ ነው፣ መውጫ የለውም፣ ያለችን አንዲት ሶኬትም ሳሎን ከሬዲዮው ጀርባ ሆና አምፖሉ ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። አባቴ ሦስት እሑድ ሙሉ ለፍቶ፣ ከማሽኑ ሥር እንጨት ሸጎጠ፣ የውሃውን ጎማዎች በመስኮት አሾለከ፣ ግቢው ውስጥ ብረት ቀብሮ ሽቦውን አሰረበት፤ እናቴ በማግስቱ የልብስ ማስጫ ገመዷን እዚያው ብረት ላይ አሰረች። የሶኬቷን ነገር ግን ሊፈታው ስላልቻለ «ይህ አምፖል ከእንግዲህ አይጠፋም» ብሎ አወጀ።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ቤቱን ስትሞላው፣ እናቴ በጠራራ የሚበራ አምፖል ማየት አልሆነላትም፣ አባቴ ሥራ ሲሄድ ታጠፋዋለች። ማሽኑ ሰው ሲተኛ ሆዱን በጨው ውሃ እንዲያጥብ የሚያዝዘው ሰዓት ነበረው፤ አምፖሉ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም፣ በጥቅምት ምሳ ስንበላ፣ በኅዳር እናቴ ምስር ስትለቅም ይታጠብ ጀመር። አባቴ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ እናቴ አምፖሉን ታጠፋለች።

በጥር አንድ እሑድ ለታላቅ እህቴ ለአልማዝ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ መጥተው አባቴ «ትምህርቷን ሳትጨርስ» ብሎ መልሷቸው ስለነበር፣ አልማዝ እህል አልወርድ ብሏት ሰንብታለች። በዚያ እሑድ ረፋድ ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ አባቴ ቁጭ በሉ ካላቸው እሺ ማለቱ ነው፣ እሱ ግን ገና አላላቸውም። እናቴ ደግሞ እንግዳ ፊት ያስነውራል ብላ የመውጫውን ጎማ ከመስኮቱ ሳብ አድርጋ ከሶፋው ኋላ ደብቃዋለች።

የሽማግሌዎቹ መሪ የቁስቋሙ ጋሽ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ዳግመኛ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ከሬዲዮው ጀርባ ማሽኑ አጉረመረመና ከሶፋው ሥር ውሃ ፈሰሰ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ሳይለውጡ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እግራቸውን እያነሱ ቆዩ። ጋሽ ወልዴ ጫማቸው ሲርስ ጎንበስ ብለው ውሃውን በጣታቸው ቀመሱ።

«ጨው ነው። መውጫው የት ነው?»

«መስኮቱ ላይ ነበር» አለ አባቴ እናቴን እያየ።

ያን ጊዜ ጓዳ ተደብቃ መቆየት የነበረባት አልማዝ ባልዲ ይዛ ሮጣ ወጣች፤ ጋሽ ወልዴም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተንበርክከው ጎማውን ባልዲው ውስጥ ከተቱት።

«ውሃችሁ ከመንገዱ መስመር ነው አይደል?» አሉ። «ዕድሜዬን የሠራሁበት ነው። ከእንጦጦ ሥር የሚመጣ፣ ሳሙና አንዴ ሲነካው የሚያረፋ ውሃ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ሊለሰልስ?»

«የፋብሪካው ውሃ እኮ የጉድጓድ ነው፣ ኖራ ይበዛዋል…» አለ አባቴ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ቀሚሷን ሰብስባ በጨው ውሃ ውስጥ የቆመችውን ልጁን ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

«በሉ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ብቻ ወደ ላይ» አላቸው።

አልማዝ ከፋሲካ በኋላ ተዳረች።

አሁን የእሷ ልጆች ሲያገቡ ሽማግሌዎቹ ቀድመው በስልክ ይነጋገራሉ፣ መልሱ ሳይመጡ ይታወቃል፣ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ይሄዳሉ። የሚበላሽ ነገር የለም። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ግን «ጥሩ ነበር» ከማለት ሌላ የምለው አጣለሁ።