አማቴ ያመጡት አምባዛ

አምባዛ ይቀፈኛል። ቅርፊት የሌለው፣ ጢማም፣ ዝልግልግ ዓሣ! ከሰሜን የመጣችው እናቴ በጾም ቅርፊታሙን ቆሮሶ ትጠብስልን ነበር እንጂ የአምባዛ ስም ሲጠራ ታማትባለች። እኔም ባዮሎጂ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ከመሳል አልፌ ነክቼው አላውቅም ነበር።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሴቻ ሰፈር ወደተከራየነው ቤት መጀመሪያ የመጡ ቀን ይዘውት የመጡት ግን እሱን ነው። የጋሞ ደጋ ሰው ናቸው፣ ፕሮቴስታንት። ልጃቸው እኔን ማግባቱን አልወደዱትም፤ ሠርጋችን ላይም አልተገኙም። ያን ቀን ባሌ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ካስቀየምኳቸው ደግመው ደጃችንን እንደማይረግጡ ገብቶኛል።

"ከጫሞ ሐይቅ አሁን የወጣ ነው። ሥሪውና አብረን እንብላ" ብለው እርጥብ ከረጢት አቀበሉኝ። ሳፋ ላይ ገለበጥኩት። እስኪሞት ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ ቆየሁ፤ ስመለስ አፉን እየከፈተ አየር ይጎርሳል። ሳፋው ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፣ እሱ ግን ይተነፍሳል። ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ በላይ ለዚሁ የተሠራ አካል እንዳለው ለስንቱ ተማሪ አስረድቻለሁ። ማወቄ ምንም አልረዳኝም፤ ጭራሽ ሰቀጠጠኝ።

በዘነዘና መትቼ ጭንቅላቱን ስከፍተው፣ ደም የጠገበ፣ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ ነገር ብቅ አለ። ሰሌዳ ላይ ዛፍ አስመስዬ የምስለው እሱን ነበር። የጎረሰው አየር በዚህ በኩል ደሙ ውስጥ ይገባል እያልኩ ሳስተምር እንዲህ የሚያስጠላ መሆኑን ማን ነገረኝ? በሳሙና ብታጠብ ብታጠብ ልጋጉ ከእጄ አልለቅ አለ።

ይሉኝታ የማያስበላው ነገር የለም። ወጡን አቅርቤ ጎረስኩና "ይጣፍጣል" አልኩ። እሳቸውም ጎረሱ። "ይጣፍጣል" አሉ፣ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ። ሁለተኛውን እንደጎረሱ ግን ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ሮጡ። ተከትያቸው ስወጣ አጥር ተደግፈው ያስመልሳሉ። ያን ሳይ እኔም አልቻልኩም፤ አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ።

"እኛ ደጋዎች ዓሣ አንበላም፣ ልጄ" አሉ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "የእናንተ ሰው በጾም ዓሣ ይወዳል አሉኝ። አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።"

እኔ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእኔ ብለን ነው ያን ቆሻሻ የዋጥነው። መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት እንደገና አስመለሰኝ። አማቴ ግንባሬን በመዳፋቸው ደገፉልኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለሰላምታ እንኳ ጨብጠውኝ አያውቁም ነበር።