ጊዮርጊስ ልጅ የለውም

ሴቻ ሰፈር ባለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ለንግሥ ቀን ባለቀለሞቹን የመስኮት መስታወቶች የሚወለውለው አጎቴ ነበር። ከየቅዱሳኑ ሥዕል ግርጌ መስታወቱ የተሠራለት የሞተ ባለጠጋ ስም በትልቁ ተጽፏል። አጎቴ መሰላል ላይ ወጥቶ የቅዱሱን ፊት ያጠራል፤ ስሙን ግን በጨርቁ ጫፍ እንኳ አይነካውም ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ማንበብ እንደቻልኩ ስሞቹን ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ጋሼ፣ እነዚህንስ ማን ይጥረጋቸው?»

«ልጆች አሏቸው አይደል? መጥተው ይጥረጉ! ጊዮርጊስ ግን ልጅ የለውም።»

አጎቴ ሞተ። በዘንድሮው ንግሥ የባለጠጎቹ ልጆች መጡና የአባታቸውን ስም በነጠላቸው ጫፍ አበስ አድርገው ፎቶ ተነሡ። ከላይ የጊዮርጊስ ፊት አቧራ ለብሷል።

«ምነው ሥዕሉ ደበዘዘ?» አለች አንዷ ወይዘሮ።

«የሚወለውለው ሰው ሞቷል» አልኳት።

«ውይ፣ ነፍስ ይማር! ለሳቸውም በስማቸው አንድ መስታወት እናሠራላቸው።»

ማን ሊጠርገው? አጎቴም እንደ ጊዮርጊሱ ልጅ የለውም። ያን የሱን መሰላል አምጥቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና «ስሙን ተዉትና ወጥቼ እንድጠርግ ይህን ያዙልኝ» አልኳቸው።

ነጠላቸው እንዳይቆሽሽ ሰብስበው ሄዱ።