ሻዩ እስኪበርድ

ልጅ ሳለሁ አንድ ጥያቄ አደረብኝ፤ ይኸው አድጌም አልለቀቀኝም። አደይ ዘይነብ በዚያ የነሐሴ ቀን የሻዩን ስኳር ያሳነሱት ረስተው ነበር ወይስ አውቀው?

ያኔ የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ረጅም ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ በጽዳት ትሠራ ስለነበር የከሰዓት ሺፍት በገባች ቁጥር በራችን ትይዩ ለሚኖሩት ለአደይ ዘይነብ ትተወኝ ነበር። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ከከረን የመጡ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ አገር ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሙስሊም ሴት ነበሩ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነበር፤ አንዳንድ ቃል ላይ ብቻ ጉሮሯቸው ጠንከር ይላል።

እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ነበርኩ። አማርኛው ይገባኛል፤ ነገር ግን ከአፌ ሲወጣ የተሰበረ ስለሚመስለኝ እናቴ በአማርኛ ስትጠይቀኝ በጀርመንኛ፣ ያውም በአንድ ቃል፣ እመልስላታለሁ። ትምህርት ቤትም እጄን አላነሳም። ሰው ከሚያናግረኝ መጽሐፌን ይዤ ጥግ ብቀመጥ እመርጥ ነበር። አንድ ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ ለአደይ ዘይነብ፣ «ይቺ ልጅ አፏ ተዘግቶ ሊቀር ነው መሰለኝ» ስትላቸው ሰማሁ።

«አፍ በግድ አይከፈትም» አሏት። «ተያት፣ ሻይ አፈላል ላስተምራት።»

ሻይ ሲሉ ትኩሱን ማለታቸው አልነበረም። በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ወታደር ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። የወታደሩ ሚስት ሙቀት ከሚበረታበት ከአገሯ ደቡባዊ ክፍል የመጣች ስለነበረች፣ ቀኑን ሙሉ የምትጠጣው ስኳር ጠግቦ በበረዶ የቀዘቀዘ ሻይ ነበር። አሠራሩን ለአደይ አስተማረቻቸው፤ እሳቸውም ባሕር ሲሻገሩ ይዘውት መጡ።

ሥርዓት ነበረው። ስምንት የሻይ ከረጢቶች ክራቸው አንድ ላይ ይታሰራል። ውሃው ሲፈላ ድስቱ ይወርዳል፣ ከረጢቶቹ ይገባሉ፤ ምሬቱ እንዲለዝብ እዚህ ናትሮን ከሚሉት ነጭ ዱቄት ቁንጥር ተደርጎበት ይከደናል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ከረጢቶቹ ሳይጨመቁ ይወጣሉ፤ «ሻይ ሲጨምቁት ይቆጣል» ይሉ ነበር። ሦስት ብርጭቆ ስኳር የሚገባው ያኔ ነው፣ ገና ትኩስ ሳለ። በመጨረሻም ወደ ጆግ ተገልብጦ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮበት ጠረጴዛው ላይ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ በሙቀቱ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ይደፈርሳል። ሻዩ እስኪበርድ ደግሞ ተረት አለ።

የሌላ ሰው የተረት ትዝታ ፍም እሳትና ጭስ ይኖረው ይሆናል። የእኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ማሞቂያው ላይ ያለው ቀይ ክብ ቀስ እያለ ሲጠቁር፣ የተቆረጠ ሎሚ ሽታ፣ በመጋረጃው ሾልኮ ጆጉ ላይ የሚያርፍ የማምሻ ብርሃን፣ በዚያም ብርሃን የአምበር ዶቃ የሚመስለው ሻይ። አደይ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከእናታቸው የሰሙትን የግመልና የጅብ፣ የነጋዴና የሌባ ታሪክ ያወሩልኛል። ተረቱ ሳያልቅ ሻዩ አይቀዳም።

በዚያ ዓመት ረመዳን ነሐሴ ላይ ዋለ። የእኛ ፍልሰታ ተፈቷል፣ የእሳቸው ጾም ግን ገና ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ቀን ቀን የሚቀምሰው አፍ የእኔ ብቻ ሆነ። አደይ ለማፍጠሪያ ያዘጋጁትን ሁሉ በማንኪያ ያቀርቡልኛል። «ቅመሺልኝ ጓለይ፤ ዛሬ አፌ አንቺ ነሽ።» ጓለይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እቀምስና በጀርመንኛ «ጉት»፣ ጥሩ ነው፣ እላለሁ። ሾርባውም «ጉት»፣ ሳምቡሳውም «ጉት»። ጨው የበዛበትን ቀን እንኳ «ጉት» ብያለሁ።

አንድ ቀን ከረጢቶቹን አውጥተው ስኳሩን እንድጨምር ነገሩኝና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የጀመሩት ተረት የግመሎች ነበር። አንድ የተራበ ጅብ የሞተ ግመል ቆዳ ለብሶ፣ በጨለማ በሚጓዝ የነጋዴዎች የግመል ቅፍለት መሐል ገብቶ ይሄዳል። ግመሎቹ ሁሉ እንግዳ ነገር እንዳለ አውቀዋል፤ ግን እያንዳንዱ ሌላው ይናገራል እያለ ዝም ብሎ ይራመዳል። እኔም የስኳሩን ጣሳ በእጄ እንደያዝኩ አብሬያቸው በረሃ ወረድኩ። «ውሃውን ጨምሪ» ሲሉኝ ጨመርኩ፤ ስኳሩን ግን አልጨመርኩም።

ትዝ ያለኝ ሻዩ በርዶ፣ ፍሪጅ ገብቶ፣ እሳቸው ተረቱን አቋርጠው የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላታቸውን ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ከገቡ በኋላ ነበር። ሮጬ ጆጉን አወጣሁና ስኳሩን ገለበጥኩበት። ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩት። ጥቂቱ ሟሟ፤ የቀረው እንደ አሸዋ ታች ተኛ። የእግራቸውን ኮቴ ስሰማ ጆጉን መልሼ ፍሪጁን ዘጋሁበት።

«ሻዩን ቀመስሽልኝ?» አሉኝ።

«ጉት» አልኩ።

ማታ እናቴ ከሥራ መጣች። ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው የባቡር ጣቢያው ሰፈር የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ጋሽ ከድርም ለማፍጠር መጡ። ፀሐይ ስትገባ ተምር ተበላ፣ ውሃ ተጠጣ፣ ሻዩ በበረዶ ተቀዳ። ጋሽ ከድር አንዴ ጎንጨት አሉና ብርጭቋቸውን ወደ መብራቱ አነሱት።

«አደይ፣ ዘንድሮ ስኳሩንም ጾም አስያዙት እንዴ?»

እናቴ ሳቀች። እኔ ጆሮዬ ነደደ። አደይ ዘይነብ ከብርጭቋቸው ቀመሱ፤ ጆጉ ሥር የተኛውን ነጭ ነገር አዩ፤ ቀጥሎም እኔን፣ ላፍታ ብቻ።

«ሐኪም ጋ ቴርሚን ነበረኝ» አሉ፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ቀንሺ አለኝ። እኔ ስቀንስ እናንተ ልትጠግቡ ነው?»

«ታዲያ የእርስዎ ሐኪም እኔን መቼ መረመረኝ!»

«መልክህን አይቶ ነዋ። ጠጣ ዝም ብለህ!»

ሁሉም ሳቁ። አደይ ያን መራራ ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጡት። አሥራ አምስት ሰዓት ከመንፈቅ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ያንን ሲጠባበቁ ነበር የዋሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ልሂድ አልሂድ ብዬ በራቸው ላይ ብዙ ቆምኩ። ካሁን በኋላ ቅመሺልኝ አይሉኝም ብዬ ነበር የፈራሁት። ገባሁ። ስለ ትናንቱ ምንም አላነሱም። ሻዩን አፈሉ፤ ከረጢቶቹን አወጡ፤ በዚያን ቀን ግን ስኳሩን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በማንኪያ ቀድተው፣ እፍ እፍ ብለው፣ እንደ ወትሮው አቀረቡልኝ።

«ቅመሺልኝ ጓለይ።»

ቀመስኩ። መራራ ነበር። ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም በገዛ እጃቸው ለሠሩት፣ ጎደለ ብሎ መናገር እንዴት ያለ ነገር ነው? «ጉት» ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ማንኪያውን የያዘው እጃቸው አልተነቃነቀም። እኔም በጉልበቴ መሐል ያለውን ምንጣፍ እያየሁ፣

«ስኳር… ይጎድለዋል» አልኩ።

«ምን ያህል?»

«ብዙ። ብዙ ይጎድለዋል አደይ። ትናንትም… ትናንት እኔ ረስቼ ነው። ዋሽቼዎታለሁ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በአማርኛ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አደይ አልሳቁም፣ አላቀፉኝም። የስኳሩን ጣሳ አንስተው እጄ ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው ጨምሪበት» አሉ። «ገና ትኩስ ነው።»

ስኳሩ ወዲያው ሟሟ። ሻዩ እስኪበርድም የተቋረጠው ተረት ቀጠለ። ከቅፍለቱ ሁሉ ትንሿ ግመል፣ ገና እናቷን ጠብታ ያልጨረሰችው፣ ቆም ብላ፣ «ይሄ አያመሰኳም!» ብላ ጮኸች፤ ነጋዴዎቹ ነቁ፤ ጅቡም ቆዳውን ጥሎ ፈረጠጠ። ይህ መጨረሻ ከእናታቸው የሰሙት ይሁን በዚያች ሰዓት የፈጠሩት፣ እሱንም አላውቅም።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በሴሚናር መሐል እጄን ከማንሳቴ በፊት ልቤ ሲመታ፣ ያ ማንኪያ ከፊቴ ይመጣ ነበር። እናቴም አንድ ቀን ስናወራ፣ አደይ ያኔ የስኳር በሽታ የሚባል ነገር እንዳልነበረባቸው፣ ሐኪም ቤት እየወሰደች የምታስተረጉምላቸው እሷ ስለነበረች በደንብ እንደምታውቅ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ቀን ነገር በዚህ ተፈታልኝ፤ ከጋሽ ከድር ቀልድ ሸሽገውኛል። የሁለተኛው ቀን ማንኪያ ግን እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው። እንዲያ ስኳር ሲለኩ የኖሩ እጆች ይሳሳታሉ?

አደይ ዘይነብ ዛሬም እዚያው፣ ከእናቴ በር ትይዩ ይኖራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድስት ማንሳት ትተዋል፤ ተረት ጀምረው መሐል ላይ ይጠፋቸዋል፣ ያኔ እኔ እቀጥልላቸዋለሁ፣ በአማርኛ። ጥያቄዬን ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼዋለሁ። አውቀው ያደረጉት ከሆነ የሚነግሩኝ አይመስለኝም፤ ረስተውት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ያስጨንቃቸዋል።

ስለዚህ ላልጠይቃቸው ወስኛለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስምንቱን ከረጢት አስሬ፣ ናትሮኑን ቆንጥሬ፣ በወጥ ቤታቸው ሻዩን አፈላለሁ፤ ስኳሩን አንድ ብርጭቆ አሳንሼ እጨምራለሁ። ከዚያ በማንኪያ ቀድቼ፣ እፍ እፍ ብዬ አቀርብላቸውና «ይቅመሱልኝ አደይ» እላቸዋለሁ። የስኳሩን ጣሳ በሌላው እጄ ይዤ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ የሚሉትን እጠብቃለሁ።