ዳገት የሚወጣ ብስክሌት

«ለባሕር ዳር ማርሽ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ የመጀመሪያው ብስክሌት ሻጭ። «ከተማው እንደሆነ ሜዳ ነው። ባለ አንዱን ይዘሽ ሂጂ።»

እውነቱን ነው። ከተማችን ውስጥ ዳገት የሚባል ነገር ቢኖር የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ነው። ሰዉ የሚነዳው ከባዱን ባለ አንድ ማርሽ ነው። ባለ ብዙ ማርሽ የገዛም ቢሆን፣ አንድ ቀን ካቴናው ሲዘልበት ወደ ጠጋኝ ወስዶ ማርሹን ያስፈታና ካቴናውን አሳጥሮ እንደ ጎረቤቱ መንዳት ይቀጥላል። እኔ ግን ብስክሌቱን የፈለግኩት ለሜዳው አልነበረም። ለምን እንደፈለግኩት ደግሞ በዚያ ሰሞን ለማያውቁት ሰው የሚነገር አልነበረም።

አባቴ የሚኖሩት ከሐሙሲት ወዲያ ዳገት ተወጥቶ በሚደረስባት አንበሳሜ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ከእኔ ጋር ይኑሩ ብዬ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ባኮርፍ፣ «ፎቅ ላይ የምሰቀል ቋንጣ አይደለሁም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ በገዛ እጃቸው ኢንሱሊን ይወጋሉ። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ብልቃጦቹን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ቀብረው ያስቀምጣሉ። እኔ ከባሕር ዳር ገዝቼ፣ በፔርሙዝ አድርጌ፣ በማምነው የሚኒባስ ሹፌር እልካለሁ። ለዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው።

ከዚያ መንገዱ መዘጋት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ቀን ተዘጋ፤ ሰው ቀልዶበት አለፈ። ቀጥሎ ሦስት ቀን፣ ቀጥሎ ሳምንት። ለምን ተዘጋ፣ መቼስ ይከፈታል ብሎ መጠየቅ ቀረ፤ ጠያቂው ራሱ ይጠረጠራልና። ባጃጆቹ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠፋሉ። ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቻ ብቅ እያደረጉ ይሸጣሉ። ወደ ደቅና ወደ ጎርጎራ የሚሄዱት ጀልባዎች ሐይቁ ዳር ታስረው ይውላሉ። ከማዶ አንዳንዴ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉም ይሰማዋል፣ ሁሉም እንዳልሰማ ወሬውን ይቀጥላል። እኔ ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገንቦው ውስጥ ስንት ብልቃጥ ቀርቶ ይሆን?

ስለዚህ ብስክሌት ልገዛ ወሰንኩ። ጠዋት ሥራ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚያደርሰኝ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እስከ አንበሳሜ የሚወስደኝ፤ ይህ ሁሉ እንግዲህ በደመወዜ።

ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እንጀራዬ ነቀፋ ነው። ሦስት ሱቅ ዞሬ ከሦስቱም ተጣላሁ። አንደኛው ዓይን የሚወጋ ቀይ ብስክሌት አወጣልኝ፤ ሃያ አንድ ማርሽ፣ ከፊትም ከመሃልም ሞላ። ስቀመጥበት እንደ አሮጌ ሶፋ ወደ ታች ወረደ። «ይህ ሞላ ጉልበቴን ይበላዋል እንጂ ምን ይፈይድልኛል?» ስለው፣ «እህቴ፣ ውበት ነው» አለኝ። የማርሽ መቀየሪያውን ነካ ባደርገው እጄ ላይ ተወዛወዘ። ሌላኛው ያሳየኝ ጥቁሩን ባለ አንድ ማርሽ ነበር፤ በሬ ቢጭኑበት የማይሰበር፣ ግን በሬ ካልጎተተው ዳገት የማይወጣ።

በመጨረሻ የሄድኩት ከገበያው ጀርባ ያገለገለ ብስክሌት እየጠገኑ ወደሚሸጡ አንድ የወረታ ሽማግሌ ነው። የምፈልገውን ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ቀለሙ የተላላጠ አረንጓዴ ብስክሌት ከግድግዳው ሥር አነሡ። ማርሹ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሰባት ነው።

«ብዙ ማርሽ ብዙ በሽታ ነው፤ ሰባት ይበቃሻል» አሉኝ። «ነይ፣ ይህን ተመልከች።»

የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሡት። ካቴናውን ከኋላዎቹ ማርሾች በትልቁ ጥርስ ላይ አሳረፉና ፔዳሉን በእጃቸው አንድ ዙር ብቻ አዞሩት። ጎማውም አብሮ አንድ ዙር ዞረ።

«አየሽ? አንድ ስትረግጭ አንድ የሚዞር ዳገት አይፈራም። አንድ ስትረግጭ ሁለት የሚዞር ከሆነ ግን፣ ዳገቱ ሥር ወርደሽ እንደ አህያ ትነጅዋለሽ።»

ጎማው ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን መካከለኛ ነው። ፍሬኑ ይይዛል። ከኋላ ሰው የሚሸከም የብረት መጫኛ አለው። ሁለት ጊዜ ዞሬ ነቀፋ ፈለግኩለት፤ ከቀለሙ በቀር አጣሁ። በዋጋው ተስማምተን ልከፍል ስል ሽማግሌው እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም።

«ልጄ፣ ለከተማ ብሎ ዳገት የሚወጣ የጠየቀኝ ሰው የለም። በዚህ ጊዜ ማርሽ የሚፈልግ ከከተማ የሚወጣ ነው።»

«እኔ እንኳ...»

«አትንገሪኝ» አሉ ቶሎ ብለው። «ካልነገርሽኝ፣ ሲጠይቁኝ አልዋሽም።»

ብስክሌቱን እየገፋሁ ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ግራና ቀኝ መንገዱን ያዩ ነበር። 

እሑድ ጠዋት የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ቤዛዊት ዳገት ላይ ሞከርኩት። ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች እንጂ አልወረድኩም። ከላይ ሆኜ ስልኬን ባየው ኔትወርክ አለ፤ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባባ፣ ሳይክል ገዛሁ!»

«እሰይ! ለሥራሽ ነው?»

«ለሥራም፣ ለእርስዎም። ከእንግዲህ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ፣ መኪና ኖረ አልኖረ፣ መድኃኒትዎን ይዤ ከተፍ ነው።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩ።

«አለሁ። ይህን የእኛን ዳገት ይወጣል?»

«እንዴታ! አሁን ዳገት ወጥቼ አይደል የምደውልልዎ?»

«ጎበዝ» አሉኝ። ደግመው «ጎበዝ ልጅ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከዚያን ቀን በኋላ አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ዱሮ ስደውል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «አራት ቀን የሚያደርሰኝ ነው የቀረኝ፤ ያ ዔሊ ሹፌርሽ የት ገባ?» ብለው ይቆጡኝ ነበር። አሁን ግን «ሞልቶኛል፤ ምንም አልጎደለኝም» ሆነ መልሳቸው ሁሉ። መንገዱ ለሁለት ለሦስት ቀን ሲከፈት እልካለሁ፤ «ደረሰኝ፣ ሞልቶኛል።» ሲዘጋ እጨነቃለሁ፤ «ምን ያስጨንቅሻል? ሞልቶኛል አልሁሽ እኮ።» እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ብስክሌቱን ሥራ እሄድበታለሁ፣ ሽንኩርትና ከሰል እጭንበታለሁ፣ የባጃጅ ወረፋ የሚጠብቁ የሥራ ባልደረቦቼን ደወል እየደወልኩ አልፋቸዋለሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጨርቅ ላይ የላላች አንዲት ክር ከሩቅ የምለይ ሰው፣ የአባቴን ድምፅ አልመረመርኩም። ወሬያቸው አጠረ። ስለ ስኳራቸው ስጠይቅ ስለ ዝናቡ ይነግሩኛል። ስናወራ ደግሞ ውኃ ይጠጣሉ፤ አንዴ፣ ደግመው፣ ሠልሰው፤ ሲውጡ ጉሮሯቸው ይሰማኛል። «ምነው ቆላ ወረዱ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁ። ስኳር ከፍ ሲል ውኃ ውኃ እንደሚያሰኝ ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ሦስተኛው ወር ላይ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም አብሮ ጠፋ። በዘጠነኛው ቀን ሹፌሩን አገኘሁት። የቆመ መኪናውን መስታወት ይወለውል ነበር።

«አባትሽ ተሻላቸው?» አለኝ።

«ከምኑ?»

ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ። «እንዳትነግራት ብለውኝ ነበር። ባለፈው የላክሽውን ሳደርስ ከተቀመጡበት አልተነሡም። አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቤቱ ውስጥ... ሽታ አለ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ፔርሙዙን መጫኛው ላይ አሰርኩት። አከራዬ በር ላይ ይዘው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ይቅርብሽ» አሉኝ፤ ማርያምን ብለው ለመኑኝ። ጥያቸው ሄድኩ።

ያን መንገድ ስመላለስበት አድጌአለሁ፤ ባዶውን ግን አይቼው አላውቅም። ሙሉ አስፋልት ለእኔ ብቻ ነበር። ከጎማዬ ድምፅ ሌላ ድምፅ የለም። አልፎ አልፎ ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ወርጄ ብስክሌቱን ተሸክሜ አልፋለሁ። ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመው ያዩኛል። «እንዴት አደራችሁ?» እላለሁ፤ መልስ የለም። የእግዜር ሰላምታ የማይመለስበት አገር ውስጥ መግባቴን ያኔ አወቅኩና ፔዳሉን አጥብቄ ረገጥኩ።

ሐሙሲት ሳልደርስ ሰዎች አስቆሙኝ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም። አንደኛው ቦርሳዬን በረበረ። ሌላው ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጥርሶች በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው።

«ይህ ሁሉ ማርሽ ለምንሽ ነው?»

«ዳገት አለብኝ።»

ፔርሙዙን ከፍቶ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለአባቴ ነው አልኩ። እጁ ላይ ፀሐይ ሲመታው አይቼ «እባክህ ይሞቃል» ማለቴ ዛሬም ይገርመኛል። መለሰውና ከደነው። «ሂጂ» አለኝ። «ኋላሽን አትይ።»

ዳገቱ ላይ ካቴናውን ወደ ትልቁ ጥርስ አወጣሁት። አንድ ስረግጥ አንድ ዞረ። አንዴም አልዘለለም፣ አንዴም አልወረድኩም። ብስክሌቱ ሽማግሌው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተው ፊታቸው ዓይን ብቻ ሆኗል። ሲያዩኝ ደስ አላላቸውም፤ ፈሩ። «ማን ነይ አለሽ?» አሉኝ። ወደ እግራቸው ጎንበስ አልኩ። ጨርቁን ፈታሁት። ሁለቱ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው እየወጣ ነው።

መድኃኒቱ አልቆባቸው ሲዋሹኝ የከረሙ መስሎኝ ወደ ገንቦው ሮጥኩ። አሸዋው እርጥብ ነው። እጄን ብሰድ አንድ ብልቃጥ አወጣሁ፣ ክዳኑ ያልተነካ። ሌላ አወጣሁ። ሌላ። በሦስት ወር ውስጥ የላክሁት ከሞላ ጎደል እዚያው ተቀብሯል።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አልዋሸሁሽም» አሉ። «ሞልቶኛል አልሁሽ፤ ይኸው ሞልቷል።»

«ለምን አይወጉትም?»

«እወጋለሁ እንጂ። በጥቂት በጥቂቱ።» ውኃ አምጪልኝ አሉ፤ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ። «ካለቀብኝ ትመጫለሽ። ከመጣሽ በዚያ መንገድ ነው። ዱሮ መንገዱ ሲዘጋ አንቺም ተዘግተሽ ትቀመጫለሽ፤ እኔም እበሳጫለሁ እንጂ እፎይ ብዬ እተኛለሁ። ሳይክል ገዛሁ ያልሽኝ ዕለት እንቅልፌ ሄደ። እና እንዳያልቅ አደረግሁት።»

ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ደኅነኛውን እግራቸውን አቅፌ አለቀስኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። መድኃኒቱን እኔው በሙሉ ልኩ ወጋኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት መጫኛው ላይ ጋቢ አጥፌ አስቀመጥኳቸው። ወገቤን ያዙኝ፤ የታመመው እግራቸው ጎማው እንዳይነካው በነጠላ አሥሬ አንጠለጠልኩት። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ በእርጋታ ወረድን፤ ከፍ ሲል ወርጄ ገፋሁ። «ሙሽራ መሰልሁ» አሉኝ አንድ ጊዜ።  ጀርባዬ ላይ ግንባራቸው ሲያርፍ ትኩሳቱ በልብሴ ዘልቆ ይሰማኝ ነበር። ሐሙሲት ላይ ቁስለኛ የጫነ አንድ መኪና ብስክሌቱን ሳይቀር አሳፍሮን ባሕር ዳር ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። እግራቸውን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነው። ወደ ጎን ወስዶ ከጉልበት በታች መቆረጡ እንደማይቀር ነገረኝ። ከዚያ ወደ አልጋው ተመልሰን ወረቀቱን አወጣ።

«አባባ፣ መድኃኒቱን መቀነስ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ጥቂት ቀን ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ አባቴ፣ እኔን እያዩ።

«አይደለም» አልኩ። «ሳይክል ከገዛሁ ጀምሮ ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ አልገባውም። ያ ስንት ጊዜ ይሆናል ብሎ እንደገና ጠየቀኝና ወረቀቱ ላይ ሦስት ወር ብሎ ጻፈ።